ጎማ የሚበላ መኪና

(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

ወረቀትና እርሳሳችሁን ይዛችሁ ቅረቡ። የዛሬው ንግግራችን ስለ መኪና የፊት ጎማ ነው።

«የፊደል አስተማሪ ስለ መኪና ምን አገባው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱም አጭር ነው። የመኪና የፊት ጎማ በመዶሻ አይስተካከልም፤ የሚስተካከለው በቁጥር ነው። ሜትር ማንበብ፣ ቁጥር መጻፍና መቀነስ የሚችል ሰው ጎማው ለምን እንደሚበላ ሊያውቅ ይችላል። እናንተ ደግሞ ይህን ተምራችኋል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል ለቆጠሩት ጎልማሶች ስለ ጤና፣ ስለ እርሻ የሚነበብ ይዘጋጅ ነበር። የተማሩት ነገር ሥራ ላይ ካልዋለ ይረሳላ! እኛም ዛሬ ስለ ጎማ እንማራለን።

ነገሩ በተለይ ለእኛ ለአቃቂ ቃሊቲ ሰዎች ቅርባችን ነው። ሰፈራችን የፋብሪካና የመኪና ሰፈር ነው። ከጂቡቲ ወደብ ተነሥቶ በሞጆ በኩል የሚመጣው ጭነት በእኛ በር ያልፋል። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ አዳማ የሚደርሰው የክፍያ መንገድም ከእኛው ይጀምራል። ይህ መንገድ በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረ ሲሆን፣ ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው በመኪና ይተዳደራል፤ አንዱ ሾፌር፣ አንዱ ረዳት፣ አንዱ ጎሚስታ ነው። መኪናው ጎማ ሲበላ የሚበላው የልጆችን ደብተርና የቤቱን ቀለብ ጭምር ነው። ከዚህ የባሰም አለ። መላጣ ጎማ በክረምት ይንሸራተታል፤ በፍጥነት መንገድ ላይ ይፈነዳል።

ጎማ ለምን ይበላል?

እስቲ ያረጀ ጫማችሁን አንሡና ተረከዙን ተመልከቱ። አረማመዱ ቀጥ ያለ ሰው ጫማ እኩል ያልቃል። እግሩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚዞር ሰው ጫማ ግን በአንድ ጎኑ ያልቃል። የመኪና ጎማም እንደዚሁ ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች አሉ እንበል። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ቢስብ ምን ይሆናል? እርሻው አይቆምም፤ ነገር ግን በሬዎቹ በከንቱ ይደክማሉ፤ አንገታቸውም ይቆስላል። ሁለቱ የፊት ጎማዎችም በመሪ ዘንግ አማካይነት እንደተጠመዱ በሬዎች ናቸው። አቅጣጫቸው ካልተስማማ መኪናው መሄዱን አይተውም። ጎማው ግን በአስፋልቱ ላይ እየተጎተተ ይፋቃል።

ጋራዥ ውስጥ «አላይመንት» የሚባለው ሥራ ይህን አቅጣጫ ማስተካከል ነው። በዚህ ሥራ ሦስት ነገሮች ይታያሉ።

አንደኛ፤ ጎማዎቹ ከላይ ሆነን ስናያቸው ከፊት ይጠባሉ ወይስ ይሰፋሉ?

ሁለተኛ፤ ከፊት ለፊት ቆመን ስናያቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል ወይስ ወደ ጎን ጋደል ብለዋል?

ሦስተኛ፤ ጎማው ግራና ቀኝ ሲዞር የሚዞርበት ምሰሶ ከጎን ሲታይ ምን ያህል ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል? መሪው ከተዞረ በኋላ ወደ ቦታው የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው መሣሪያ ይፈልጋሉ። ለጋራዥ እንተዋቸው። የመጀመሪያውን ግን በቤታችን ልንለካው እንችላለን። ጎማን ቶሎ የሚፍቀውም በአብዛኛው እሱ ነው።

6 ሚሊ ሜትር ምን ታደርጋለች?

«ጥቂት ሚሊ ሜትር ምን ታመጣለች?» እንዳትሉ። እስቲ አብረን እናስላ። እርሳስ ያዙ።

ለምሳሌ ላዳን እንውሰድ። ላዳ በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ በታክሲነት ያገለገለ መኪና ነው። የጎማው ቁመት ከመሬት እስከ አናቱ 600 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከሚገባው በላይ በ6 ሚሊ ሜትር ከፊት ጠበው ተገኙ እንበል። ለሁለት ሲካፈል ለአንዱ ጎማ 3 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል።

ይህም ማለት ጎማው 600 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ሲሄድ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን መሄድ ይፈልጋል። 1 ሜትር ሲሄድ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 1 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 5 ሜትር ይሆናል። ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድስ? 80 ጊዜ 5፣ 400 ሜትር!

እንግዲህ ልብ በሉ። መኪናው አዳማ ሲደርስ እያንዳንዱ የፊት ጎማ 400 ሜትር ያህል ወደ ጎን እንደመጎተት ደርሶበታል። በአስፋልት ላይ ጫማችሁን እየጎተታችሁ 400 ሜትር ብትሄዱ ከሶሉ ምን ይተርፋል?

በእጅ መዳሰስ

ከመለካት በፊት መዳሰስ ይቀድማል። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በመዳፋችሁ መሬት የሚነካውን የጎማውን ፊት ዳስሱ። መጀመሪያ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎ ከውስጥ ወደ ውጭ። ሽቦ የወጣበት ጎማ እጅ ይቆርጣልና ጠንቀቅ በሉ።

በሁለቱም በኩል እኩል ከለሰለሰ ደህና ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ስትስቡ እንደ መጋዝ ጥርስ እጃችሁን ከያዘው፣ ጎማዎቹ ከፊት ከመጠን በላይ ጠበዋል። ከውጭ ወደ ውስጥ ስትስቡ ከያዘው ደግሞ ከፊት ሰፍተዋል።

አንድ ጎማ ብቻ በአንድ ጠርዙ ካለቀና እንደ መጋዝ ካልያዘ፣ ጎማው ጋደል ብሎ ሊሆን ይችላል። መሀሉ ብቻ ካለቀ ንፋሱ በዝቷል። ሁለቱ ጠርዞች ካለቁ ንፋሱ አንሷል። ስለዚህ ጥፋት ሁሉ የአላይመንት አይደለም።

ከመለካት በፊት አራት ነገሮችን እዩ

1. የጎማ ንፋስ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ንፋስ ይኑራቸው። መሪው ወደ አንድ ጎን የሚስበው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ብቻ ነው።

2. ፍሬን። አንዱ ጎማ ላይ ፍሬኑ ይዞ ከቀረ መኪናው ወደዚያ ይስባል። ጥቂት ተነድቶ ሲቆም አንዱ ቸርኬ ከሌላው ይልቅ ይግላል። እጃችሁን አቅርቡ እንጂ አትንኩ።

3. የመሪ ዘንግ መገጣጠሚያዎች። አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ በጥቂቱ ያወዛውዝ። እናንተ ከጎን ሆናችሁ መገጣጠሚያዎቹን እዩ። መሪው ተንቀሳቅሶ ጎማው ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም መገጣጠሚያው ኳ፣ ኳ ካለ አልቋል።

4. የጎማ ኩሽኔታ። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ መላወስ የለበትም።

ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጉድለት ከተገኘ መለካቱን ተዉት። የሚላወስ ነገር ተለክቶ አይገኝም። ዛሬ የለካችሁት ነገ ይለወጣል። መጀመሪያ ያለቀው ዕቃ ይለወጥ። የመሪ መገጣጠሚያ ከወለቀ መኪናው በሾፌሩ አይታዘዝምና በዚህ ነገር ቀልድ የለም።

አለካኩ እንዴት ነው?

የሚያስፈልጉን ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፤ ሜትር፣ ቱንቢ፣ ነጭ ቀለም፣ ሚስማር፣ ጣውላ፣ ክሪክ፣ ታኮ፣ እርሳስና ወረቀት። ቱንቢ ግንበኞች ግድግዳ የሚያቃኑበት በሲባጎ የተንጠለጠለ ብረት ነው። ከሌላችሁ ከባድ ዳዶ በሲባጎ አንጠልጥሉ።

ቦታው ደልዳላ ይሁን። የሲሚንቶ ወለል ከተገኘ ጥሩ ነው።

አሁን ሥራውን በተራ እንሥራ።

1. የእጅ ፍሬን ያዙ። የኋላ ጎማዎችን በፊትም በኋላም በታኮ ደግፉ። አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሡ። ከመኪናው አካል ሥር ጠንካራ የእንጨት ጉማጅ አስገቡ። ክሪክ ይንሸራተታል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ።

2. የጎማውን ፊት መሀሉን ዙሪያውን ነጭ ቀለም ቀቡት፤ ይድረቅ። ሚስማር ጣውላ ላይ ምቱና ጣውላውን መሬት ላይ አጽንታችሁ ያዙ። ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ። ሚስማሩ በቀለሙ ላይ ቀጭን መስመር ያወጣል። ቸርኬው ትንሽ ጠማማ ቢሆን እንኳ ይህ መስመር ትክክለኛ ነው። ሁለተኛውንም ጎማ እንዲሁ አድርጉ።

3. መኪናውን አውርዱ፤ ታኮውንም አንሡ። መሪውን አቃኑ። ሰዎች ይግቡበት፤ ለላዳ የተሰጠው ልክ 4 ሰውና 40 ኪሎ ዕቃ ተጭኖ የሚለካ ነው። መኪናውን የቁመቱን ያህል ወደ ፊት ንዱትና አቁሙ። ወደ ኋላ አትመልሱት፤ ወደ ኋላ ከሄደ ጎማዎቹ አቀማመጣቸውን ይለውጣሉ።

4. ቱንቢውን በጎማው ፊት ለፊት አንጠልጥሉ። ሲባጎው የጎማውን ጫፍ መስመሩ ላይ ይንካ። ቱንቢው ረግቶ ሲቆም ከሥሩ መሬት ላይ ነጥብ አድርጉ። በሌላው ጎማ ፊት ለፊትም እንዲሁ። ከዚያ በሁለቱም ጎማዎች ጀርባ እንዲሁ አድርጉ። አራት ነጥቦች መሬት ላይ አገኛችሁ።

5. በሁለቱ የፊት ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ቀጥሎ በሁለቱ የኋላ ነጥቦች መካከል ያለውን ለኩ። ሜትሩ መሬት ላይ ስለሚዘረጋ ሞተሩ አይከለክለውም። ሚሊ ሜትሯን ሳትዘሉ አንብቡ። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ ጻፉ። ሦስቱ ካልተስማሙ አንድ ቦታ ስሕተት አለ ማለት ነው።

ምሳሌ፤

ከኋላ 1,371 ሚሊ ሜትር
ከፊት 1,359 ሚሊ ሜትር
ልዩነት 12 ሚሊ ሜትር

የኋላው ስለሚበልጥ ጎማዎቹ ከፊት ጠበዋል ማለት ነው። ልኩስ ስንት ነው? ለላዳ የተሰጠው ልክ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር መጥበብ ነው። ይህ ግን የሚለካው ከቸርኬው ጠርዝ ነው። እኛ የለካነው ጎማው ጫፍ ላይ ነው። ጎማው ከቸርኬው ስለሚተልቅ ቁጥሩም ያድጋል። ስለዚህ ጎማው ጫፍ ላይ ከ3 ተኩል እስከ 6 ተኩል ያህል መሆን አለበት። የእኛ 12 ነው። ወደ 6 ሚሊ ሜትር ትርፍ አለ ማለት ነው። አዳማ ድረስ 400 ሜትር ያስጎተተችው 6 እሷ ናት!

ለምን እኩል አይሆንም?

«ታዲያ የፊቱና የኋላው ለምን እኩል አይደረግም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ላዳን የሚገፋው የኋላ ጎማው ነው። ሲሄድ መንገዱ የፊት ጎማዎቹን ወደ ኋላ ይገፋቸዋል፤ እነሱም ከፊት በጥቂቱ ይከፈታሉ። ቀድመው በጥቂቱ ከጠበቡ ሲሄዱ ቀጥ ይላሉ። በፊት ጎማው የሚጎተት መኪና ግን ሲሄድ ጎማዎቹ መጥበብ ይቃጣቸዋል። ስለዚህ ለብዙዎቹ የሚሰጠው ልክ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ነው። የአንዱን መኪና ቁጥር ለሌላው አትውሰዱ። የመኪናውን መጽሐፍ አንብቡ፤ የተለካው ቸርኬ ላይ ነው ወይስ ጎማ ላይ የሚለውንም አንብቡ።

ማስተካከል

በላዳ ላይ በግራና በቀኝ አንዳንድ የመሪ ዘንግ አለ። በየዘንጉ መሀል ውስጡ ጥርስ ያለው ቱቦ አለ። ቱቦው ሲዞር ዘንጉ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ቱቦውን ሁለት ማጥበቂያዎች ይይዙታል።

ዘንጉ ከጎማው መሀል በስተኋላ ከሆነ፣ ሲረዝም የጎማውን ጀርባ ይገፋል፤ ጎማዎቹ ከፊት ይጠባሉ። ሲያጥር ይሰፋሉ። ዘንጉ ከጎማው መሀል በስተፊት ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዝቅ ብላችሁ አይታችሁ ወስኑ።

መሪውን አቃንታችሁ በሲባጎ እሰሩት። የሁለቱን ዘንጎች ርዝመት ለክታችሁ ጻፉ። ማጥበቂያዎቹን አላሉ። ሁለቱንም ቱቦዎች እኩል፣ ሩብ ዙር ብቻ አዙሩ። አንዱን ብቻ ካዞራችሁ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ መሪው ጠማማ ይሆናል። ቱቦው የሚዞርበት አቅጣጫ ግራ ቢያጋባችሁ ሜትሩን ጠይቁ፤ ሁለቱም ዘንጎች እኩል አጥረዋል? ከሆነ ደህና ነው።

ቱቦው አልዞር ብሎ ከዛገ በጉልበት አታስገድዱት። ጥርሱ ከተበላሸ ዘንጉ ይለወጣል እንጂ አይጠገንም። ጥርሱ ወደ ቱቦው በደንብ የገባ መሆኑንም እዩ፤ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ዘንግ ይወልቃል።

ከዚያ ማጥበቂያዎቹን አጥብቁ። ሰዎች ይግቡ፤ መኪናውን ወደ ፊት ነድታችሁ እንደገና ለኩ። ከፊት 1,362፣ ከኋላ 1,367 ካገኛችሁ ልዩነቱ 5 ነው። በ3 ተኩልና በ6 ተኩል መካከል ስለሆነ በቂ ነው። ሲባጎውን ከመሪው ፍቱ። ጭር ባለ መንገድ ላይ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። መሪው ተቃንቶ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። በማግስቱ ማጥበቂያዎቹን እንደገና በቁልፍ ፈትሹ።

መቼ ጋራዥ እንሂድ?

መኪናው ተጋጭቶ ከነበረ ወደ ጋራዥ ውሰዱት። ልኩ ተገኝቶ ጎማው አሁንም በአንድ ጠርዝ የሚበላ ከሆነ ውሰዱት። ሁለቱ ዘንጎች በርዝመት በጣም ከተለያዩ ውሰዱት። መሪያቸው በኮምፒዩተር የሚረዳ አዳዲስ መኪኖችንም እቤት አትንኩ። የእነሱ አላይመንት የመሪውን ጠቋሚ ጭምር በመሣሪያ ማስተካከል ሊጠይቅ ይችላል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን እየበዛ ነው። «ኤሌክትሪክ ስለሆነ ይህ አይመለከተውም» የሚል ካለ ተሳስቷል። ቤንዚን አይጠጣም እንጂ በጎማ ነው የሚሄደው። ባትሪው ከባድ በመሆኑ ጎማው የሚሸከመው እንዲያውም ይብሳል።

ቢሆንም ጋራዥ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የለካችሁትን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። «ከፊት ይህን ያህል፣ ከኋላ ይህን ያህል አግኝቻለሁ፤ ከሥራ በኋላ ስንት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። መሣሪያው የሚያወጣውን ወረቀት ተቀበሉና አንብቡ። ቁጥር የሚያነብ ደንበኛ ፊት ሥራ በግምት አይሠራም። ጥሩ መካኒክም በእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ አይቀየምም፤ ደስ ይለዋል እንጂ።

ውድ አድማጮች፣ የዛሬውን ላጠቃልል። ዳስሱ፤ የሚላወስ ነገር መኖሩን እዩ፤ ለኩ፤ ጻፉ፤ ቀንሱ። ቁልፍ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። መኪና የሌላችሁም ለጎረቤታችሁ ሾፌር አንብቡለት። ለሳምንት በሌላ ንግግር እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።

አዲስ ቃላት

ቱንቢ፤ ቀጥታን ማወቂያ የተንጠለጠለ ብረት።
ታኮ፤ ጎማ እንዳይንከባለል የሚደረግ ድጋፍ።
ቸርኬ፤ ጎማ የሚገጠምበት ብረት።
ልዩነት፤ ከትልቁ ቁጥር ትንሹ ሲቀነስ የሚቀረው።

መልመጃ

1. ከኋላ 1,370፣ ከፊት 1,361 ተለካ። ልዩነቱ ስንት ነው? ለላዳ በቂ ነው ወይስ በዝቷል?
2. ከኋላ 1,363፣ ከፊት 1,366 ተለካ። ጎማዎቹ ከፊት ጠበዋል ወይስ ሰፍተዋል?
3. አንድ ጎማ በ1 ኪሎ ሜትር 5 ሜትር ወደ ጎን ይጎተታል። 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ስንት ሜትር ይጎተታል?
4. በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ለምን አደገኛ ሆነ? በሁለት መስመር ጻፉ።